በተሽከርካሪ ቤት የከረሙ ሽማግሌ

«ከረመ» እና «ክረምት» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሰው በአንድ ስፍራ ከረመ ሲባል፥ ወንዝ ሞልቶ መንገድ በተቆረጠ ጊዜ በዚያው ተቀመጠ፥ ውሃው ጎድሎ መሬቱ ሲጠነክር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ክረምት ሲል የሚያስበው ዝናብን ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ክረምት ተብሎ የሚተረጎመው ወራት የውርጭና የበረዶ ወራት ስለ ሆነ፥ ሁለቱ በስም ይገናኛሉ እንጂ በግብር አይገናኙም። የሆነ ሆኖ ሁለቱ ክረምቶች አንድ የሚሆኑበት ምድር አለ፤ ይኸውም በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ ያለው የዋሽንግተን ግዛት ነው። በዚያ ቅዝቃዜና ዝናብ አብረው ይመጣሉ፥ አብረውም ይሄዳሉ።

ወራቱ ግን የተገለበጠ ነው። ኢትዮጵያ በመፀው አበባ ስታጌጥ፥ በሐጋይም አዝመራዋን ሰብስባ አውድማዋን ስትወቃ፥ በዚያ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ብራ ቀን እንደ እንግዳ ይታያል። ቢሆንም ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ለዘብ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ አይገድልም፤ በሲያትል ከተማ በጥር ወር ቀኑ 8 ዲግሪ፥ ሌሊቱ 3 ዲግሪ ያህል ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በሲያትል በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 1000 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ የአዲስ አበባው ከዚያ ይበልጣል። ነገር ግን የአዲስ አበባው ዶፍ ነው፤ ነጎድጓዱን አሰምቶ፥ ጎርፉን አውርዶ፥ ፀሐይን ይመልሳል። የዚያ አገሩ እኝኝ እያለ ይውላል፥ እኝኝ እያለ ያድራል፤ በዓመት ከ150 ቀን በላይ ይህንኑ ይደጋግማል። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ወጥታ በ10 ሰዓት ከ20 ትጠልቃለች፤ ቀን የሚባለው ስምንት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

ከሲያትል በስተ ምዕራብ የኦሊምፒክ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፍተኛው ራስ 2432 ሜትር ነው። ደመና ከባሕር ተነሥቶ ተራራውን ሲወጣ ሸክሙን በምዕራቡ ገጽ ያራግፋልና፥ ሆህ በሚባለው ሸለቆ በዓመት 3500 ሚሊሜትር ያህል ይዘንባል። በተራራው ማዶ ያለችው ሴኩዊም የምትባለው ከተማ ግን በተራራው ስለ ተከለለች 400 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ታገኛለች። የአንድ ተራራ አንዱ ወገን ሲጠግብ ሁለተኛው ይጦማል።

በዚህ አገር ቤት ሳይሠሩ ቤት ይዘው የሚዞሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ቤቱን ሞተርሆም ይሉታል፤ ተሽከርካሪ ቤት ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በአዮዋ ግዛት ያለው የዊኔባጎ ፋብሪካ ይህን ቤት እንደ ሌላው አውቶሞቢል በተርታ እያሰለፈ መሥራት ስለ ጀመረ፥ መካከለኛ ኑሮ ላለው ሰው የሚገዛ ሆነ። ከፊት የነጂው ወንበር፥ ከመካከል ምድጃና ማዕድ፥ ከኋላ አልጋና መታጠቢያ አለው። ከወለሉ በታች አንዱ ለንጹሕ ውሃ፥ አንዱ ለእጣቢ፥ አንዱም ለመጸዳጃ የሚሆኑ ታንኮች ተሰቅለዋል። እሳቱ በሲሊንደር ከተሞላ ፕሮፔን ከሚባል ጋዝ ነው። ባለጸጋው በበጋ ለሽርሽር ይነዳዋል፤ ኪራይ የከበደበት ግን ክረምት ከበጋ ይኖርበታል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህን ኑሮ ከጀመሩት አንዱ የጎጃም ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፥ አኮፋዳ ይዘው፥ በዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። ኋላም ዘመን አሳዷቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ከዚያ ሲያትል ገብተው፥ ታክሲ እየነዱ ልጅ አሳደጉ፥ እየነዱም ሸበቱ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሬይኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር በኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የቤቱ ኪራይ ከጡረታቸው በለጠ። በልጃቸው ቤት አንድ ወር ተቀመጡ፤ ልጃቸው አልሰለቸችም፥ የስድስት ዓመት ልጇም ደስ ብሎት ነበር። ነገር ግን ሕፃኑ አልጋውን ለአያቱ ለቅቆ ከወለል ላይ ሲተኛ ማየት ከበዳቸው። ስለዚህ ካጠራቀሙት ገንዘብ 20 ዓመት ያገለገለ ተሽከርካሪ ቤት ገዙ፤ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ዳግመኛ ጎጆ ወጡ ማለት ነው። ከኪራይ በሚተርፈውም ደብረ ማርቆስ ላለች እኅታቸው ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለማልበስ አሰቡ።

በከተማው መቆም ግን ቀላል አልሆነላቸውም። በሲያትል ሕግ ማናቸውም ተሽከርካሪ በአንድ መንገድ ዳር ከ72 ሰዓት በላይ አይቆምም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በመኪናው ውስጥ የሚኖር አንድ የእጅ ሙያተኛ ይህን ሰዓት በማሳለፉ መኪናው ተጎትቶበት ነበርና፥ ነገሩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ2021 ዓ.ም. መኪናው ለሚኖርበት ሰው በሕግ እንደ መኖሪያ ቤቱ የሚቆጠር መሆኑን፥ የተጠየቀውም ገንዘብ ከመጠን ያለፈ ቅጣት መሆኑን ፈረደ። መልካም ፍርድ ነው፤ ጎማ ያለውን ቤት ቤት ብሎ መጥራት ለድኻ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ፍርዱ 72ቱን ሰዓት አላራዘመውም። ሽማግሌውም በየሦስት ቀኑ ቤታቸውን እያስነሡ መዞር ሰልችቷቸው፥ ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስነዳውን መንገድ ሄደው፥ ዌስትፖርት በምትባል የዓሣ አጥማጆች ወደብ አጠገብ፥ ለእንዲህ ያሉ ቤቶች በተዘጋጀ ግቢ በወር ኪራይ ስፍራ ያዙ። ሴኩዊም ደረቅ መሆኗን ሰምተው ነበር፤ ነገር ግን የስፍራው ዋጋ ወደ ዌስትፖርት መራቸው።

የመጀመሪያው ወር የደስታ ወር ነበር። ማለዳ ጀበናቸውን ጥደው የባሕሩን ድምፅ ይሰማሉ፤ ጀልባዎቹ ሲወጡ ይቈጥራሉ። ማታ ዝናቡ ከራሳቸው በላይ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ጣራውን ሲደበድብ፥ እርሳቸው ደርቀው በመተኛታቸው የሚሰማቸው ደስታ የሕፃን ደስታ ነበር። የዋሸራን ጎጆ አስታወሳቸው። ያችም ጎጆ ጠባብ ነበረች፤ እግር ሲዘረጉ ራስ ከግድግዳ ይጋጫል። ሰው በስተርጅናው ወደ ተማሪነቱ ጎጆ ሲመለስ፥ የተወሰነ ወጣትነት አብሮ የተመለሰለት ይመስለዋል።

በኅዳር ግን ነገሩ ተለወጠ። በመጀመሪያ መስተዋቶቹ ወዙ፤ ቀጥሎ በማለዳ ውሃው ከመስተዋቱ እየወረደ መከዳውን ያርስ ጀመር። ልብሳቸው ሳይዘንብበት ከበደ። መጽሐፋቸው፥ ከአገር ይዘውት የወጡት ብቸኛው የብራና መጽሐፍ፥ ቅጠሉ እየተጠቀለለ አልዘጋ አለ። ፍራሹን ባነሡት ጊዜ ሥሩ ርሶ ተገኘ። እርሳቸውም ጣራው አፍስሷል ብለው አመኑ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር መሰላል አቁመው ይወጣሉ፤ በየመጋጠሚያው የማሸጊያ ሙጫ ይለጥፋሉ፤ አንድ ጊዜም አዳልጧቸው ሊወድቁ ሲሉ በመስኮቱ ክዳን ተይዘው ዳኑ። እርግጥ ጣራን መመልከት ከንቱ ድካም አይደለም፤ ብዙ ተሽከርካሪ ቤቶች በመጋጠሚያቸው ውሃ ገብቶ በውስጥ ያለው እንጨታቸው እየበሰበሰ ይሞታሉ። የእርሳቸው ጣራ ግን ደኅና ነበር። ሙጫው በዛ፥ ውሃውም አልቀነሰም።

በዚያ ሰሞን ልጃቸው ሕፃኑን ይዛ መጣች። ሕፃኑ የረጠበውን መስተዋት ባየ ጊዜ እጅግ ደስ አለው፤ በጣቱ ጀልባ ሣለበት፥ ከጀልባውም በላይ አያቱን ከነባርኔጣቸው ሣለ። ሲመሽ ግን ያስለው ጀመር። አስም የነበረበት ልጅ ነው። እናቱ ልብስ ልታወጣለት ቁም ሣጥኑን ብትከፍት በስተኋላው ያለው ግድግዳ ጠቁሮ አየች።

«አባባ፥ ይህ ምንድር ነው?» አለች።

«እርጥበት ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይደርቃል።»

«ሻጋታ ነው እንጂ። ልጁ እዚህ አያድርም፤ እርስዎም ባያድሩ ይሻላል። ከእኔ ጋር ይመለሱ።»

እርሳቸው አልተመለሱም። እርሷም መኪናዋን አስነሥታ፥ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፥ «ቤቱ እስኪደርቅ ድረስ አላመጣውም» ብላ ሄደች። ቃሉ የቍጣ አልነበረም፤ ስለዚህም ይበልጥ ጎዳቸው። ከጀልባው ሥዕል በቀር በዚያ ቤት የቀረላቸው አልነበረም፤ እርሱም እስከ ማለዳ እየተንጠባጠበ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ከእርጥበቱ ጋር ጦርነት ያዙ። የሚያውቁት መድኃኒት እሳት ነበር። በዋሸራ ዝናቡ በበረታ ጊዜ ተማሪው ጭራሮውን ያነዳል፤ ጢሱም በሣር ክዳኑ እያለፈ፥ ሣሩን በጥቀርሻ እየለበጠ፥ ከነቀዝና ከመበስበስ ይጠብቀዋል። ጢስ የማያውቅ ጎጆ ቶሎ ያፈሳል። እርሳቸውም ይህን ይዘው የወጥ መሥሪያውን ምድጃ ቀንና ሌሊት ያነዱ ጀመር። ቤቱ የራሱ ማሞቂያ ነበረው፤ ነገር ግን ይጮኻል፥ ትኩሱንም ጭስ በቧንቧ ወደ ውጭ ይተፋል። የገንዘባቸው እሳት ወደ ውጭ ሲተፋ ማየት ብክነት መሰላቸውና ዘጉት። ነፋስ የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ፥ የጣራውን መስኮት ሳይቀር፥ በጨርቅ ወተፉ።

በታኅሣሥ 14 ቀን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ዲሴምበር 23፥ በዚያ አገር ብዙ ጊዜ የማይታይ ብርድ መጣ። በሲያትል ዝናቡ ከመሬት ሲደርስ እየረጋ መንገዱን መስተዋት አደረገው። በዌስትፖርትም የሽማግሌው የውሃ ጎማ በረዶ ሆነ። በዚያ ሌሊት የምድጃውን ሁለት ዓይን ለኵሰው፥ በራቸውን በብርድ ልብስ ጋርደው ተኙ። ራሳቸውን ያማቸው ነበር፤ ብርዱ ነው ብለው ዝም አሉ። ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ገደማ በግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ መሣሪያ ጮኸች። የሲሊንደሩ ጋዝ ያለቀ መስሏቸው ሊዘጉት ሲነሡ እግራቸው አልታዘዝ አለ። በጉልበታቸው ድኸው በሩን ከፈቱ፤ ከደረጃውም በበረዶው ላይ ወደቁ።

ድምፁን ሰምቶ የመጣው ጎረቤታቸው ነበር፤ በወጣትነቱ ጀልባ ሲሠራ የኖረ፥ በዚያው ግቢ ብዙ ክረምት ያሳለፈ ያገሩ ሽማግሌ ነው። ምድጃውን አጥፍቶ፥ በሩንና መስኮቱን ሁሉ በርግዶ፥ እርሳቸውን ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። በጠባብና በታፈነ ቤት ውስጥ ጋዝ ሲነድ አየሩ ያንሰዋል፤ ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ይወልዳል። ያች መሣሪያ ባትኖር ኖሮ የሽማግሌው ነገር በዚያ ሌሊት ባለቀ ነበር።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው ቤታቸውን ዞሮ አየ። ሙጫውንም አይቶ ሣቀ።

«ይህን ውሃ ከሰማይ አላመጣኸውም» አላቸው፤ «አንተ ራስህ ነህ ያመጣኸው፤ ግማሹን ተንፍሰህ፥ ግማሹን አንድደህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ተኝቶ ሲያድር ከትንፋሹና ከገላው ሲሶ ሊትር ያህል ውሃ ተን ሆኖ ይወጣል። ፕሮፔንም ሲነድ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይወልዳል፤ አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ውሃ ይሰጣል። ሽማግሌው ያደርቃል ብለው ያነደዱት እሳት፥ ጭሱ መውጫ ስላልነበረው፥ እንደ ምንጭ ውሃ ሲያፈልቅባቸው ከርሟል። በዚህ ላይ የጀበናው እንፋሎትና በውስጥ የተሰጣው እርጥብ ልብስ አለ። 20 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 17 ግራም ውሃ ተሸክሞ ይቆያል፤ ወደ 5 ዲግሪ ሲበርድ ግን ከ7 ግራም አይበልጥም፥ የተረፈውን ይጥለዋል። የሚጥለውም ቀዝቃዛ ሆኖ ባገኘው ስፍራ ላይ ነው፤ በመስተዋቱ፥ ከፍራሹ ሥር፥ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ። የዋሸራ ጎጆ በሣሩና በጭቃው ይተነፍስ ነበር፤ ይህ ግን በሙጫ የተያዘ፥ እንደ ጠርሙስ የተደፈነ ቤት ነው።

ጎረቤታቸው የሰጣቸውን ምክር ሽማግሌው መጀመሪያ እንደ ቀልድ ቈጠሩት፤ ቤቱ እንዲደርቅ መስኮቱን ለዝናቡ ክፈት የሚል ነበርና። የቅኔ ተማሪ ግን የሰሙን ጉዳይ አይቶ አያልፍም፤ አሰቡበት። በውጭ ያለው የ5 ዲግሪ አየር ዝናብ የጠገበ ቢሆን እንኳ በውስጡ ያለው ውሃ ከ7 ግራም አይበልጥም፤ ያው አየር ገብቶ በቤት ውስጥ ሲሞቅ 17 ሊሸከም የሚችል ባዶ እንስራ ይሆናል። ስለዚህ እርጥቡ የውጭ አየር ደረቁን የውስጥ አየር ሳይሆን፥ እርጥቡን የውስጥ አየር ተሸክሞ ይወጣል። ከመዘጋት ይልቅ መክፈት ያደርቃል።

የጣራውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፈቱ፤ ወጨፎ ከማይመታበት ወገንም አንድ መስኮት እንዲሁ ለቀቁ። የተዘጋውን ማሞቂያ አስጠግነው ጩኸቱን ታገሡ፤ ወደ ውጭ የሚተፋው ጭስ ውሃቸውንም ይዞላቸው እንደሚወጣ አውቀዋልና። ከፍራሹ ሥር የጣውላ ርብራብ አነጠፉ። ሻጋታውን ፍቀው አጠቡ፤ ልብሱን ከግድግዳው አራቁ። ማለዳ ማለዳ መስተዋቱን በጨርቅ ይወለውሉና ጨርቁን በብርጭቆ ላይ ይጨምቁታል፤ በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። እርጥበት የሚመጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያም ገዙ። ይህ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ የግቢው መስመር ከ3600 ዋት በላይ አይሰጥምና፥ መጣጩ፥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውና የቡና መቁያው በአንድ ጊዜ ሲለኮሱ መብራቱ ይጠፋል። ሽማግሌው ቡናቸውን በጨለማ ከመቁላት መጣጩን ማጥፋት መረጡ፤ በዚህ ማንም አይፈርድባቸውም።

የእርጥበት መለኪያው በመጀመሪያው ቀን ከመቶ 86 ይል ነበር። በሳምንቱ 70 ሆነ፤ በሁለት ሳምንት ከ55 ወረደ። ዝናቡ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አላረፈም። የብራና መጽሐፋቸው ቅጠል እየተቃና መጣ፤ ከታኅሣሥ 26 ቀን ጀምሮ ማኅደሩን ለበሰ። እርሳቸውም የመለኪያውን ቍጥር በየማለዳው በወረቀት ጽፈው ለልጃቸው በስልክ ይነግሩ ነበር፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም፥ ኑልኝም አይሉም።

በልደት ዋዜማ ስልኩ ተደወለ። «ዛሬ ስንት ሆነ?» አለች።

«52።»

ጥቂት ዝም ብላ፥ «ዶሮውን እኔ ሠርቼ አመጣዋለሁ፤ እዚያ እንዳይቀቅሉት» አለች።

በማግሥቱ በዝናብ መጡ። ሕፃኑ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ መስተዋቱ ሮጠ፤ መስተዋቱ ደረቅ ነበር። ጣቱን ቢያስኬድበት ምንም አልሣለም።

«አያቴ፥ ጀልባዬ የት ሄደ?» አለ።

እናቱ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጀርባውን በእጇ ዳሰሰች፤ መዳፏንም በብርሃን አየችው። ከዚያ የልጁን መኝታ ከመኪናዋ ልታመጣ ወጣች።

ሕፃኑ መስተዋቱ ላይ አፉን አስጠግቶ በረጅሙ ተነፈሰ። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ጤዛ ታየች፤ ፈጥኖ በጣቱ አንዲት ትንሽ ጀልባ ሣለባት፥ ሳትጠፋም ደግሞ ተነፈሰ። ሽማግሌው ቆመው ካዩት በኋላ፥ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የጣራውን መስኮት አንድ ጣት ያህል ጨመሩለት።